የዕቃው ኢስናድ፦ የተዘረፉ ቅርሶች የምንጭ ምርመራና ወደ ባለቤት የመመለስ ግዴታ በፊቅህ ሚዛን

 

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ የሁምቦን ወረዳ አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ አጠገብ ባለች እንደ ጠበላ ባለች ከተማ አንድ እንግዳ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ይዞ ወደ መስጂድ መጣ እንበል። ኢማሙን «ሸኻችን፣ ይህ ምን እንደሆነ ያንብቡልኝ፤ ገዢ አግኝቻለሁ» ይላቸዋል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የተለመነው የንባብ ትብብር ብቻ ነውና። ነገር ግን ኢማሙ ያነበቡት ስም፣ ያመለከቱት ዘመን ለሻጩ የዋጋ ማረጋገጫ ይሆንለታል። ዕቃው የተሰረቀ ከሆነም ንባባቸው ሳያስቡት የሌባው መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ይህ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመምህራንና ለኢማሞች ማብራራት፣ በዓለም ላይ የተዘረፉ ቅርሶችን ወደ ባለቤቶቻቸው ለመመለስ የሚደረገውን ጥረትም በፊቅህ ሚዛን ማየት ነው። ልዩ ምልክት ያልተደረገባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የምንጭ ምርመራ ምንድን ነው?

የቅርስ የምንጭ ምርመራ ማለት አንድ ዕቃ ከተሠራበት ወይም ከተጻፈበት ጊዜ አንሥቶ አሁን እስካለበት ቦታ ድረስ የተቀባበሉትን እጆች በሰነድ፣ በምስክርና በዕቃው ላይ ባሉ ምልክቶች መከታተል ነው። መርማሪው የሽያጭ ደረሰኝን፣ የሙዚየም መዝገብን፣ የጉዞ ማስታወሻን፣ የጨረታ ዝርዝርን፣ የጉምሩክ ወረቀትን ይመረምራል። በዕቃው ላይ ያለውን ማኅተም፣ የባለቤት ስም፣ የተፋቀ ጽሑፍ፣ የተቆረጠ ገጽም ያያል።

በመድረሳ ያደገ ሰው ይህ ሥራ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘገባ ከመቀበላቸው በፊት ኢስናዱን ይጠይቁ ነበር፦ ማን ከማን ሰማ? በርግጥ ተገናኝተዋልን? በመካከል የጎደለ ሰው አለን? ተራኪው ታማኝ ነውን? የቅርስ መርማሪም የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ የማይታወቅ ባለይዞታ ካለ ሊቃውንቱ መጅሁል ያሉት ዓይነት ችግር ገጥሞታል። ሰንሰለቱ ከተቋረጠ ሙንቀጢዕ ነው። ሻጩ ያገኘበትን ሰው ሆን ብሎ ከደበቀ፣ ለምሳሌ የወቅፍ ቃል የሰፈረበትን የመጀመሪያ ገጽ ቀድዶ ካስወገደ፣ ይህ በዕቃ ላይ የተፈጸመ ተድሊስ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በሐዲስ ኢስናዱ የሚጠበቀው ቃሉን ለማጽደቅ ሲሆን፣ በቅርስ ሰንሰለቱ የሚመረመረው መብቱን ለማጽደቅ ነው። ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ይዞታው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

2. የተሟላ ምሳሌ፦ መቅደላ፣ 1868

በአገራችን ሰንሰለቱ ከሁሉ በተሻለ የሚታወቀው የመቅደላ ዘረፋ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ሕይወታቸውን አጠፉ። ወታደሮቹ ከግምጃ ቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ የዘረፉት ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ተወሰደ። ሚያዝያ 20 እና 21 በዚያው ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለሠራዊቱ ተከፋፈለ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ገዛ። ዘራፊው፣ ጨረታው፣ ገዢው፣ ቀኑም ይታወቃል። እንዲህ ያለ የተሟላ ሰንሰለት ማግኘት ብርቅ ነው።

ይሁንና በዚህ ሰንሰለት ውስጥም የተደበቀ ቀለበት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍና ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ሙዚየሙ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱን መለሰ፤ ሥዕሉ ግን በሙዚየሙ አልተገኘም። ሥዕሉን ያስቀረው ሆልምስ ራሱ ነበር። በግል ይዞት ቆይቶ በ1905 ፎቶግራፉ በአንድ የጥበብ መጽሔት እስኪታተም ድረስ የት እንዳለ ለሕዝብ አልታወቀም። ፊቅህ ከምርኮ ውስጥ በድብቅ ማስቀረትን ጉሉል ይለዋል። ዘራፊዎቹ በራሳቸው ሕግ እንኳ ቢዳኙ ይህ ድርጊት በክፍያው ያልተካተተ ስርቆት ነበር።

ሌላም ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። መቅደላ ከተከማቸው ሀብት ከፊሉን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በ1866 ያስመጡት ነበር። እንግዲህ «ለማን ይመለስ?» ሲባል መልሱ «ከመጨረሻው ተነጣቂ» በሚል ብቻ አይቋጭም። ታማኝ መርማሪ የሚወደው ስም ላይ ሲደርስ አይቆምም፤ ሰንሰለቱ እስከሚወስደው ድረስ ይሄዳል።

3. ፊቅህ ስለተነጠቀ ንብረት

የሰውን ንብረት ያለ መብት በኃይል መያዝ ገስብ ይባላል። ሊቃውንት የተስማሙበት መሠረት ዕቃው እስካለ ድረስ ዕቃው ራሱ ይመለሳል የሚል ነው፤ ተመሳሳዩ ወይም ዋጋው የሚከፈለው ዕቃው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ይዞ ገንዘብ ማቅረብ፣ ወይም ዕቃውን አስቀርቶ ፎቶግራፉን መላክ ግዴታውን አያወርድም።

ከገሳቢው የገዛ ሰውስ? በሻፊዒያ ሊቃውንት ዘንድ የገሳቢውን እጅ ተከትሎ የመጣ እጅ ሁሉ የደማን፣ ማለትም የተጠያቂነት እጅ ነው፤ ገዢው መነጠቁን ባያውቅም እንኳ። ባለማወቁ ከኃጢአት ይድናል፤ ዕቃውን ከመመለስ ግን አይድንም። የከፈለውን ዋጋ ከሸጠለት ሰው ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት ጉዳቱን በሰንሰለቱ ላይ ወደ ኋላ እየመለሰ በመጨረሻ በነጣቂው ላይ ያሳርፈዋል። ባለቤቱ በሌላ ሰው ግዢ መብቱን አያጣም።

ዘመን ሲረዝምስ? በዑስማኒያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው መጀላ ፍርድ ቤት ክስ የሚሰማበትን ጊዜ በአብዛኛው በ15 ዓመት ወስኗል፤ በወቅፍ መሠረታዊ ንብረት ላይ ግን እስከ 36 ዓመት አራዝሞታል። ሆኖም ይኸው መጀላ መብት በዘመን ብዛት እንደማይወድቅ ደንግጓል። የክሱ በር መዘጋትና የመብቱ መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳኛ ባይሰማውም በአላህ ፊት ዕዳው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፦ በቀድሞ ዘመን ምርኮ የጦርነት ወግ አልነበረምን? መልሱ ዝርዝር ይፈልጋል። ጠላት በጦርነት የወሰደውን የሙስሊም ንብረት በመያዙ ባለቤት ይሆናል ወይስ አይሆንም በሚለው ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል። ሐነፊዎች ወደ ግዛቱ አስገብቶ ካጸና ባለቤት ይሆናል ብለዋል። ኢማም ሻፊዒ አይሆንም ብለዋል፤ ከማስረጃቸውም አንዱ ዐድባእ የተባለችው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ታሪክ ነው። ጠላት ነድቷት ነበር፤ አንዲት የተማረከች ሴት ተቀምጣባት አመለጠችና ግመሏን ልታርድ ተሳለች፤ ነቢዩ ግን ሰው በማይገዛው ነገር ስለት እንደሌለበት ገልጸው ግመላቸውን ወሰዱ። ልዩነቱ የታወቀና የተከበረ ነው። ዛሬ ግን መንግሥታት ዘረፋን የሚከለክሉ ቃል ኪዳኖችን ፈርመዋል፤ የ1907 የሄግ ደንቦች ዘረፋን በግልጽ ይከለክላሉ፣ የ1970 የዩኔስኮ ስምምነትም በሕገ ወጥ መንገድ የሚተላለፉ ባህላዊ ንብረቶችን ይመለከታል። ቃል ኪዳንን መሙላት ደግሞ በሱረቱል ማኢዳህ መክፈቻ የታዘዘ ነው።

ትንሽ ናት ተብላ የምትናቅ ነገርም የለችም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የኸይበር ታሪክ፣ አንድ አገልጋይ በቀስት ተመትቶ ሲሞት ሰዎች «ጀነት ትሁንለት» አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከመከፋፈሉ በፊት ከምርኮው የወሰዳት ካባ እሳት ሆና እንደምትነድበት ተናገሩ። ይህን የሰማ አንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ። የጫማ ማሰሪያ የሚመለስ ከሆነ አንድ የኪታብ ቅጠል ከጫማ ማሰሪያ አታንስም።

4. ባለቤቱ የሌላ እምነት ተከታይ ሲሆን

ከመምህራን የሚሰማ አንድ ሐሳብ አለ፦ «ስለ ታቦትና ስለ ሐውልት መከራከር የእኛ ጉዳይ ነውን?» እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያሻል። አንዱ የአምልኮ ጥያቄ ነው፤ በዚህ የተውሒድ አቋማችን ግልጽ ነው። ሌላው የንብረት መብት ጥያቄ ነው። የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» በመድረሳዎቻችን የሚቀራ ኪታብ ነው። በእርሱ እንደምናገኘው፣ የዚሚይ ወይን ቢጠፋ ካሣ ባይከፈልበትም፣ የነጠቀው ሰው ወይኑ በእጁ እስካለ ድረስ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። በሸሪዓ ዋጋ የሌለው ወይን እንኳ ከነጣቂ እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ከተባለ፣ የጎረቤታችን መጽሐፍ፣ አክሊልና ታቦት ይበልጥ የሚመለሱ ናቸው።

ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታትን ይዟል፤ ለሕዝብ አያሳይም፣ ባለሙያዎቹም እንዲያዩ አይፈቀድላቸውም። በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ንብረቱን ከስብስቡ እንዳያወጣ በእጅጉ ይገድበዋል። በአንጻሩ በኤድንበራ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን የያዘውን የመቅደላ ታቦት በ2002 መልሷል። አንዱ ሕጉን መከላከያ አደረገ፤ ሌላው ያገኘውን ለባለቤቱ ሰጠ።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ ማድረስ ታዝዟል። ሙፈሲሮች ይህን አንቀጽ መካ ከተከፈተችበት ከ8ኛው ዓ.ሂ. ጋር ያያይዙታል። የካዕባ ቁልፍ በዑስማን ኢብን ጦልሓ ቤተሰብ እጅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ቀን ከተማዋ በእጃቸው ነበረች፤ ቁልፉንም ከቅርብ ዘመዶቻቸው የፈለጉት ነበሩ። እርሳቸው ግን ለዑስማን መለሱለት፤ እስከ ዛሬም በሸይባ ልጆች እጅ ነው። ማስቀረት የሚችል ኃያል ሲመልስ መመለስ ትርጉም ያገኛል። በዚህ ሚዛን የዛሬዎቹን ሙዚየሞች ስንጠይቅ አዲስ መሥፈርት አላመጣንም።

የኛም ኡማ ዘረፋን ቀምሷል። ቀራሚጣዎች በ317 ዓ.ሂ. ሐጀረል አስወድን ነቅለው ወሰዱ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት 50,000 ዲናር ቀርቦላቸው እንቢ አሉ፤ የመለሱት በ339 ዓ.ሂ. ነው። ለ22 ዓመታት ያህል ሙስሊሞች ባዶውን ቦታ እየዳሰሱ ጠወፉ። የተነጠቀ ቅዱስ ነገርን ባዶ ቦታ የሚያውቅ ኡማ የሌላውን ባዶ ቦታ መረዳት አይሳነውም።

ይህ ፍትሕ ወደ ውጭ ብቻ የሚመለከት ቢሆን ጎዶሎ ይሆናል። በ1894 የዐፄ ምኒልክ ጦር በወላይታ ላይ ዘምቶ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም በመጽሐፉ የተዘረፉትን ከብቶችና የተማረኩትን ሰዎች፣ ምርኮውም እንዴት እንደተከፋፈለ መዝግቧል። ነጻ ሰው በንብረት ሰንሰለት ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ ነጻ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ የሚከራከረው መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። የወላይታ ሽማግሌ ለንደን ስላለው አክሊል ስንነግረው «የእኛስ?» ቢል ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ነው። መልሱም ጥያቄውን ማድበስበስ አይደለም፤ የቤተሰብ ትውስታን፣ የቃል ታሪክንና የተረፉ ዕቃዎችን በዚያው ጥንቃቄ መመዝገብ ነው።

5. ማስረጃ፣ ግዢና ብድር

ሁሉም በውጭ ያለ ቅርስ የተዘረፈ አይደለም። በስጦታ የሄደ አለ፤ በግልጽ ግዢ የሄደም አለ። በመካከልም አጠራጣሪ አለ፤ ከ1931 እስከ 1933 የተጓዘው የዳካር-ጅቡቲ የፈረንሳይ ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎችን አንሥቶ በቦታቸው ቅጂ ተክቶ ሄዷል። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። እንዲህ ያለው ውል ፈቃዱ እውነተኛ ነበርን? የሰጠው ሰው የመስጠት ሥልጣን ነበረውን? ብሎ መጠየቅን ይሻል።

ስለዚህ ከሳሽም ማስረጃ አለበት። ሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ንግግር ቢኖራቸውም ስለ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ጥሩርና ስለ ቃዲ ሹረይሕ የሚተረከው ታሪክ ይህን ያስተምራል። ከሊፋው ጥሩራቸውን በአንድ የመጽሐፍ ባለቤት እጅ አይተው ሲከሱት፣ ቃዲው በቂ ምስክር ስላላቀረቡ ለባለይዞታው ፈረዱ። ይዞታ የባለቤትነት ምልክት ነው፤ የሚያፈርሰው በይና ነው። የምንጭ ምርመራም በይናን መፈለግ ነው።

ማስረጃው ሲገኝ ደግሞ መዘግየት ግፍ ይሆናል። በ1947 ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37፣ ከጥቅምት 3 ቀን 1935 በኋላ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዝ ነበር። በ1937 የተወሰደው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ግን በ2005 ነው፤ በ2008 ዳግም ቆመ።

በ2018 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላ ዕቃዎችን ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ብድር ሊሰጥ እንደሚችል ገለጸ። ብዙዎች «ከሌለ ይሻላል» አሉ። በሐነፊ ፊቅህና በመጀላ መሠረት ግን አንድን ዕቃ በዓሪያ፣ ማለትም በውሰት፣ መጠየቅ የራስ አለመሆኑን እንደማመን፣ እንደ ኢቅራር ይቆጠራል። የራሱን ዕቃ በውሰት የተቀበለ ነገ «የእኔ ነው» ሲል ቃሉ ይቃወመዋል። ብድሩን መቀበል ካስፈለገ እንኳ የባለቤትነት ጥያቄው እንደተጠበቀ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።

6. በእጃችን ያለው ሥራ

ከሁምቦ ወደ ደቡብ ሲኬድ አርባ ምንጭና ኮንሶ ይመጣሉ። በኮንሶ ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙ ዋካ የተባሉ የእንጨት ሐውልቶች ከመቃብር እየተነቀሉ ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር፤ ከዘራፊዎች የተረፉትና የተመለሱት በኮንሶ ሙዚየም ተጠብቀዋል። የመንገድ ዳር ከተማ ኢማም ይህ ሩቅ ነገር እንዳልሆነ ይገነዘባል። የእጅ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ይመልከቱ። የወቅፍ ቃል፣ የባለቤት ስም፣ የገልባጩ ስምና ቀን ብዙ ጊዜ በዚያ ይገኛሉ። ወቅፍ የሆነ ኪታብ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይወረስም፤ የወቅፍ ቃል ካለ የሻጩ ነገር በዚያው አብቅቷል።

ሁለተኛ፣ የጎደለውን ይመልከቱ። የተቀደደ የመጀመሪያ ቅጠል፣ የተፋቀ ስም፣ የተቆረጠ ማኅተም የጥርጣሬ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያንሡት። በሐረርና በቀይ ባሕር አካባቢ በተጻፉ ብዙ ኪታቦች ውስጥ ከኢጣልያ የመጣ የሦስት ጨረቃ የውኃ ምልክት ያለው ወረቀት ይገኛል። ምልክቱ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

አራተኛ፣ «ከማን አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ከቀኑ ጋር ይጻፉ። የአል-በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ካዘዘ፣ አማናን መጻፍ ይበልጥ የተገባ ነው።

አምስተኛ፣ ምንጩ እስኪጣራ ድረስ ዋጋ የሚያወጣ ንባብ አይስጡ፣ ገዢና ሻጭንም አያገናኙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ጉዳዩን ለወረዳው ወይም ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ማሳወቅ፣ ዕቃ ሲያስረክቡም ደረሰኝ መቀበል ተገቢ ነው።

ስድስተኛ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ዕቃው የያዘው ሰው አይሆንም። ሊቃውንት ባለቤቱ የጠፋበትን ገንዘብ ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል አድርገዋል። ለኪታብ የሚስማማው በታወቀ ተቋም እንደ አማና ተቀምጦ፣ ባለመብት ሲመጣ የሚመለስበት መንገድ መክፈት ነው።

ይህን የምንለው ስለ እንግዳው ብቻ አይደለም። በየመስጂዱ መደርደሪያና በየሟች ዑለማ ቤት ያሉ ኪታቦች ዛሬ ካልተመዘገቡ፣ ነገ ሲጠፉ «የእኛ ነበሩ» የምንልበት በይና አይኖረንም። የሐረሩ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም የአንድ ሰው ጽናት ምን ያህል የእጅ ጽሑፍ ከመጥፋት እንደሚያድን አሳይቷል። በአንድ የሁምቦ መስጂድ ሦስት ኪታቦች ብቻ ቢኖሩ፣ የሦስቱን ርዕስ፣ የገጽ ብዛት፣ የወቅፍ ቃልና ፎቶግራፍ የያዘ አንድ ወረቀት ማዘጋጀት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ከመቅደላ የሄዱት መጻሕፍት ባለቤቶች እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖራቸው ኖሮ የዛሬው ክርክር ስንት ምዕራፍ ባጠረ ነበር።

በ2020 ከጨለቆት ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አክሊል ከኔዘርላንድ ተመልሷል። አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በቤቱ ተገኝቶ ካየው ጊዜ አንሥቶ ለ21 ዓመታት ጠብቆት ነበር። ሊሸጠው ይችል ነበር፤ ወደሚያምነው ባለቤት የሚደርስበት ቀን እስኪመጣ ግን በአማና ያዘው። ከመምህርና ከኢማም የሚጠበቀው ከዚህ የራቀ አይደለም፦ በእጅ የገባውን የማን እንደሆነ ማጣራት፣ እስኪጣራ መጠበቅ፣ ሲጣራ መመለስ።

ወላሁ አዕለም።